ማንንም ያልነካው ዘንግ

የመንበረ ወልደኢየሱስ እንጀራ የሰው አፍንጫ ነበር። የጎንደር ሰው ቀልድ አያልፈውምና «መንበረ ሰውን የምታውቀው በመልኩ አይደለም፣ በአፍንጫው ነው» ይሏታል። እሷም አትቆጣም። ጫፉ ለስላሳ የሆነ ቀጭን ዘንግ ትይዛለች፣ ሰውየው ዓይኑን እስኪጨፍን ትጠብቃለች፣ ከዚያ አስገብታ አዙራ ታወጣዋለች። ዘንጉን ፈሳሽ ካለበት ትንሽ ብልቃጥ ነክራ አንገቱ ላይ ትሰብረዋለች። የቀረው የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ፣ የኮቪድ ወይም ሕፃናትን የሚያፍነው የሌላው ቫይረስ ዘር አለ ወይስ የለም የሚለውን መፈለግ።

አባቷ መሪጌታ ወልደኢየሱስ ዕድሜያቸውን በጎንደር አድባራት ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ተወለዱበት ወደ አምባ ጊዮርጊስ የተመለሱ ሰው ነበሩ። መንበረ የበኩር ልጃቸው ናት። ከደቀ መዛሙርቱ ኋላ ተቀምጣ እየሰማች አደገች። ለድጓው ያሰባት አልነበረም፤ ግን ከአባቷ ማድመጥን ተማረች። እሳቸው ተማሪ ሲያዜም ድምፁን ብቻ አይሰሙም ነበር። «የሚሳሳት ሰው ከመሳሳቱ በፊት ጥቂት ዝም ይላል፤ እሷን ዝምታ ያዝ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ወደ ጎንደር ወረዱ። ቀሐ ወንዝ ዳር ከካህናቱ ጋር ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ ድምፃቸው እንደ ጎልማሳ ድምፅ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ያያቸው ነበር። በማግሥቱ ጉሮሯቸውን ከረከራቸው። መንበረ ይቆዩ ብትላቸው «አገሬ ገብቼ ይሻለኛል» ብለው በአውቶቡስ ወጡ። አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያው ኪኒን ሰጣቸው፤ በሽታው ምን እንደሆነ የሚናገር መሣሪያ እዚያ አልነበረም። ጥር ሳይወጣ አረፉ። ጤና ጣቢያው ብርድ ነው አለ። ሰፈሩ ዓይን ነው አለ፤ ያን ዕለት ድምፃቸው አጉል አምሮ ነበርና። የመንበረ ሥራ ይኸንኑ መናገር ሆኖ ሳለ፣ ለገዛ አባቷ የምትናገረው አልነበራትም።

አዲሱ መሣሪያ የመጣው በሰኔ ነው። ቁመቱ የድሮ ራዲዮ ቢያክል ነው። ቤተ ሙከራው ያለው ትልቁ መሣሪያ የቫይረስ ዘር ፈልጎ መልስ ለመስጠት ቀኑን ይፈጃል፤ ይኸኛው ግን ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ይበቃዋል ተባለ። እውነት ይሁን አይሁን ማጣራት የእነሱ ፈንታ ሆነ። የአንድ ሰው ናሙና ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ትልቁ፣ ግማሹ ወደ ትንሹ ይሄዳል። ትንሹን የምትሠራው መንበረ የትልቁን መልስ አታይም፤ ትልቁን የምትሠራው ጓደኛዋ ሄለንም የትንሹን አታይም። ሁለቱን መልስ ጎን ለጎን አድርገው የሚያዩት የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታሪኩ ብቻ ናቸው።

በየጠዋቱ ደግሞ «ባዶ» የሚሉት ነበር። ባዶ ማለት ማንንም ያልነካ ዘንግ ነው። ከማሸጊያው ወጥቶ ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና እንደ ሰው ናሙና ወደ መሣሪያው ይገባል። መሣሪያው «አልተገኘም» ማለት አለበት። ማንንም ካልነካ ዘንግ ላይ በሽታ አገኘሁ የሚል መሣሪያ ነገ ከጤነኛ ሕፃን ላይም አገኘሁ ይላል።

«ባዶው ምንም ሳይገኝበት እየጠራ ከሄደ» አሉ ዶክተር ታሪኩ የመጀመሪያው ቀን፣ «በጳጉሜን እንጨርሳለን። ጥቅምት ላይ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ መሣሪያው አምባ ጊዮርጊስ ይተከላል። ካልጠራ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሁለተኛ አይሰጡንም።»

መንበረ አምባ ጊዮርጊስ የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉም ቀድማ የምትገባው እሷ ሆነች።

ሐምሌን ሙሉ ባዶው ጠራ። መልሶቹም ተስማሙ ይባል ነበር፤ ዶክተሩ ባይናገሩም ፊታቸው ይናገር ነበር። በሐምሌ መጨረሻ የአባቷ መንፈቅ ደረሰና መንበረ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ጸሎቱ ደርሶ፣ ካህናቱ ቀምሰው ሲሄዱ፣ እናቷ ወይዘሮ ለተ ማርያም መሪጌታ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ያልተከፈተውን ሳጥን ከፈቱ። መሪጌታን በመጨረሻው ሳምንታቸው ያልተለየቻቸውን ነጠላ አወጡ።

«በእኔ እናት ቤት ወጉ ይህ ነው» አሏት። «የአባት ነጠላ ለበኩር ነው። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ከአንገትሽ አትለይ፤ ውሃም አይንካት።»

መንበረ ተቀበለቻት። ነጠላዋ የጧፍ ሽታ ነበራት፣ ከጧፉም ሥር የእሳቸው።

ወደ ሥራ በተመለሰችበት ጠዋት ባዶውን አስገባች። መሣሪያው ሥራ ሲጀምር ማራገቢያው እንደ ሰው ጉሮሮ እህ ይላል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይሠራል። መስኮቱ ላይ የነሐሴ ጉም ተለጥፏል። ሻይዋን ፉት ስትል መልሱ ወጣ። ኢንፍሉዌንዛ ኤ፣ ተገኝቷል።

መንበረ ስትጠራት ሄለን ከወዲያኛው ክፍል መጥታ አየች። «እሰይ» አለች። «ደግሞ እንጨቱም ጉንፋን ይይዘው ጀመር?»

ተሳሳቁ። ጠረጴዛውን በበረኪና ወለወሉ፣ ፈሳሹን ለወጡ፣ ከሌላ ካርቶን ዘንግ አወጡ። በማግሥቱ ጠራ። በሦስተኛው ቀን ተገኝቷል አለ። ከዚያ አንድ ቀን እየጠራ፣ አንድ ቀን እያገኘ ሄደ። ሁልጊዜም ያው ነው፤ ኮቪድ አይልም፣ የሕፃናቱን አይልም፤ ኢንፍሉዌንዛ ኤ ብቻ። በከተማው ደግሞ በዚያ ወር ኢንፍሉዌንዛ አልነበረም። ትልቁ መሣሪያ ከሰው ናሙና አንድም እንዳላገኘ ዶክተር ታሪኩ ራሳቸው ነገሯቸው።

የበሩን እጀታ በዘንግ ጠረጉ፤ ንጹሕ። መስኮቱን፣ የመሣሪያውን ክዳን፣ ወንበሩን ጠረጉ፤ ንጹሕ። መንበረ ራሷን ተመረመረች፤ አፍንጫዋ ንጹሕ። ቅዳሜ ሄለን ብቻዋን ገብታ ባዶውን ሠራች፤ ጠራ። ሰኞ መንበረ ገባች፤ ተገኝቷል አለ።

ሄለን ከዚያ በኋላ መቀለዷን ተወች። ለመንበረ ያ ከነገሩ ከራሱ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ክፍሉን የሚጠርጉት አያ ቢያዝን አምባ ጊዮርጊስ ያለችበት የወገራ ሰው ናቸው፤ መሪጌታንም በዝና ያውቋቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥረጊያቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«እታለም፣ ምነው ከሳሽ?»

«ሥራው ነው፣ አያ ቢያዝን።»

«ሥራ ሰው ያደክማል እንጂ እንዲህ አያደርግም። ይህ ክፍል ሸጋ አልሆነም። ጸበል ልርጭልሽ?»

«ጸበል ከረጩበትማ ዶክተር ሁለታችንንም ከግቢ ያስወጡናል።»

አያ ቢያዝን አልሳቁም። «ትናንት አንቺ ወጥተሽ ልጠርግ ስገባ፣ ወንበርሽ ላይ ሰው ያለ መሰለኝ። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ፣ ፊቱን ወደዚያ ወደ ዕቃው ያዞረ። ጤና ይስጥልኝ ብዬ በሩን ዘጋሁ። መልሼ ስከፍት የለም።»

«ነጠላዬን ረስቼው ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ። «አንገትሽ ላይ አድርገሽው ስትወጪ ግን አይቼሽ ነበር።»

መጥረጊያቸውን አንሥተው ሄዱ። መንበረ ወንበሯን አየችው። ከዚያ ወዲህ ስትቀመጥ፣ አንድ ሰው ተነሥቶላት እንደምትቀመጥ ሁሉ ጥቂት ትዘገያለች።

ነገሩን ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርስ ምን ትላለች? አባቷ ዜማ ሊጀምሩ ሲሉ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት እንዲሁ ነበር፤ እህ ብለው፣ ጥቂት ዝም ብለው፣ ከዚያ። አሁን ማራገቢያው እህ ባለ ቁጥር ትከሻዋ ይሰበሰባል። ባዶው በጠራ ቀን እፎይ ማለት ሲገባት ክፍሉ ይከፋባታል። በተገኘ ቀን ደግሞ መሣሪያው ወደ መመለሱ፣ አምባ ጊዮርጊስም ያለ ምንም ወደ መቅረቷ አንድ እርምጃ እንደ ቀረቡ እያወቀች፣ ከልቧ ሥር አንድ ነገር ሞቅ ይላታል። ያንን ሙቀት ፈራችው።

አንድ ጠዋት በሩን ዘጋች። ባዶውን አስገብታ አጎንብሳ፣ ሰው ቢሰማት የምታፍርበትን ነገር በሹክሹክታ ጠየቀች።

«አባዬ፣ እርስዎ ነዎት?»

መሣሪያው እህ አለ። ጉሙ ከመስኮቱ አልተነቃነቀም። መንበረ ሻይ አላፈላችም፤ ቆማ ጠበቀች። መልሱ ወጣ።

ተገኝቷል።

ዶክተር ታሪኩ በዚያው ዕለት ጠሯት። ደረቅ ሰው ናቸው፤ አንዲት ሠራተኛ የጋብቻ ቀለበቷን አድርጋ ወደ ናሙናው ክፍል ስለ ገባች ከበር መልሰዋታል። ከመንበረ ጋር ሲነጋገሩ ግን ከመንፈቁ ወዲህ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

«የቀረን ሳምንት ነው» አሉ። «ምክንያቱን ካላገኘን መሣሪያው ያለ ምክንያት ያገኛል ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።»

ሄለን ከበሩ ውጪ ትጠብቃት ነበር። «ስሚኝማ» አለች። «በእኔ እጅ ይጠራ የለ? ባዶውን እኔ ልሥራልሽ። ሥራው ያልቃል፣ መሣሪያው ይቀራል፣ እናትሽ አገርም ይገባል። ማን ይጎዳል?»

መንበረ አሰበችበት። አምባ ጊዮርጊስን አሰበች፤ ጥቅምት ሲገባ በጤና ጣቢያው በር ሳል ይዘው የሚደረደሩትን እናቶች አሰበች። ያ ዕቃ እዚያ ወጥቶ ማንንም ካልነካ ዘንግ ላይ «ተገኝቷል» እያለ ቢቀመጥ፣ ከታመመ ሕፃን ላይ የተናገረውን ማን ያምነዋል? በእሷ እጅ የሚሳሳት ነገር በሌላ ሰው እጅም ሊሳሳት ይችላል።

«አይሆንም» አለች። «ይልቅ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ነገ ስሠራ ፊት ለፊቴ ተቀመጪና እጄን ብቻ እይ። አትናገሪ፣ እይ ብቻ።»

በማግሥቱ ሄለን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። መንበረ ነጭ ጋወኗን ለበሰች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች። ብልቃጡን ከፈተች። ዘንጉን ልታወጣ ስትል ሄለን ትንፋሿን ዋጠች። ትንሽ ነገር ነበር፤ ግን መንበረ ዝምታ ማድመጥ ታውቃለች።

«ምን አየሽ?»

«ምንም።»

«ሄለን።»

«ምንም አልኩሽ!»

«የአባቴን ነፍስ ይማርልኝ ካልሽ ንገሪኝ።»

የሄለን ዓይን እንባ አቀረረ። «ነጠላዋ» አለች። «ከጋወንሽ ሥር ትንሸራተታለች። ዘንጉን ከመክፈትሽ በፊት በግራ እጅሽ ከአንገትሽ ከፍ ታደርጊያታለሽ። አንቺ አታውቂውም። ያለቀስሽ ቀን ደግሞ ዓይንሽን በእሷ ትጠርጊያለሽ፣ ጓንቱን እንዳደረግሽ።»

መንበረ እጇን አየች። እጇ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር።

«መቼ አየሽው?»

«ሁላችንም አይተናታል፣ መንበረ። ከመንፈቁ የተመለስሽ ዕለት ነው ያየናት። ዶክተርም አይተዋል። ቀለበት ቢሆን ይናገሩ ነበር። ለባለ ሐዘን፣ የአባትሽን ነጠላ አውልቂ ብሎ ማን ይናገር? አንቺ ብትሆኚ ትናገሪኝ ነበር?»

አትናገራትም ነበር። በጎንደር እንዲህ ያለ ቃል የሚወጣው ሰው የለም። ከውጪ የመጣ ልብስና ጌጥ የሚከለክለው ደንብ በሩ ላይ ተለጥፎ ሁሉም በየቀኑ እያነበበው ያልፋል፤ ነጠላዋን ግን እንደ ማዕተብ ቆጥረው በአክብሮት ሲያልፏት ከረሙ።

መንበረ ጓንቷን ለወጠች። አዲስ ዘንግ ከፈተች። ነጠላዋን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ ጫፏን ዘርግታ፣ ከጥለቱ በላይ ጨርቁ ደረቅ ያለበትን ቦታ በዘንጉ ቀስ ብላ አሸች። መሪጌታ በመጨረሻው ሳምንት ወደ አፋቸው ይዘዋት የነበረችው በዚያ በኩል ነበር። ብልቃጡ ውስጥ ነከረችው፤ ሰበረችው፤ አስገባችው።

መሣሪያው እህ አለ።

ዶክተር ታሪኩ የተዘጋውን በር ከፍተው ገቡና የሁለቱን ፊት አይተው ቆሙ። ሦስቱም ያችን ትንሽ መስኮት እያዩ ጠበቁ። ኢንፍሉዌንዛ ኤ፣ ተገኝቷል።

ትልቁም መሣሪያ በማግሥቱ ያንኑ አለ፤ በጣም በደከመ ድምፅ፣ ግን ያንኑ።

«ከጥር እስካሁን» አሉ ዶክተር ታሪኩ ወረቀቱን ደጋግመው እያዩ። «እንዲህ ያለ አላጋጠመኝም። ጨለማ ሳጥን፣ የወገራ ብርድ፣ ደረቅ ጨርቅ… ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ማንንም አያሲዝም፤ ከሞተ ቆይቷል። መሣሪያው የሚፈልገው ዘሩን ነው እንጂ ሕይወቱን አይደለም።»

«የሞተውንና ያልሞተውን አይለይም ማለት ነው» አለች መንበረ።

«አይለይም።»

ወረቀቱን አጥፈው «መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አሉ። እሷም «ምን ብለው ይናገሩ?» አለቻቸው። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩበትም።

አያ ቢያዝን ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ የተቀመጠው ማን ነበር?» አሉ።

መንበረ ነጠላዋን ለእናቷ ላከቻት። የእነዚያ ቀናት ሥራ በሙሉ ተጥሎ እንደገና ተሠራ፤ ምክንያቱም ሳይደበቅ ተጻፈ። ባዶው ጠራ፤ በማግሥቱም ጠራ፤ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ አንድም ቀን አላጠፋም። የሁለቱ መሣሪያዎች መልስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የተለያዩት በጥቂቱ ብቻ ነበር። መሣሪያው አይመለስም፣ ይቆይ ተባለ።

ጥቅምት ላይ ዕቃው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በመሥሪያ ቤቱ ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ወጣ። የጤና ጣቢያውን ነርስ፣ ዓለምነው የሚባለውን፣ አሠራሩን እንድታስተምር የተላከችው መንበረ ናት። ሥራ ከመግባቷ በፊት እናቷ ቤት ጎራ አለች። ስድስት ሳምንት በልቧ ይዛ የቆየችውን ነገረቻቸው።

«እምዬ፣ አባዬን የገደለው ኢንፍሉዌንዛ ነው። አገኘነው።»

ወይዘሮ ለተ ማርያም የልጃቸውን ፊት ረጅም ጊዜ አዩት። «ይሁን» አሉ። «ታዲያ ማን ላከባቸው?»

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሳል ከወዲህም ከወዲያም ይሰማል፤ ልጅ ያዘሉ እናቶች ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ውስጥ ክፍሉ ኖራ የተቀባ፣ ጠረጴዛው አዲስ ነው። መንበረ አንገቷ ባዶ ሆኖ ብርድ ይሰማታል። ለዓለምነው ጓንት እንዴት እንደሚጠለቅ፣ ጠረጴዛው እንዴት እንደሚወለወል አሳየችው። «ከሰው በፊት ሁልጊዜ ባዶው ይቀድማል» አለችው። ማንንም ያልነካ ዘንግ ከማሸጊያው አወጣች፤ ነከረች፤ ሰበረች፤ አስገባች።

መሣሪያው ያለ ምንም ድምፅ መሥራት ጀመረ። መንገድ ላይ አንድ ነገሩ ጠብቆ ይሆናል፣ ወይም ጠረጴዛው ተስማምቶት ይሆናል። መንበረ ጆሮዋን ወደ እሱ አዘንብላ ቆየች። ዓለምነው ያወራት ነበር፤ አልሰማችውም።

አልተገኘም።

«ሸጋ!» አለ ዓለምነው። «ጠራልን! ሰው ላስገባ?»

«አንድ ጊዜ ልድገመው።»

«ምነው? ጠርቷል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ዓለምነው ጥንቃቄ መስሎት ደስ አለው፤ ከጎንደር የመጣ ሰው እንዲህ ነው ብሎ ወንበሩን ሰጣት። መንበረ ተቀመጠች። ሁለተኛ ዘንግ አወጣች። እጇን ወደ አንገቷ አላነሣችም፤ ምንም አልነካችም፣ ምንም አልጠየቀችም። ውጪ አንድ ሕፃን አስሎ አስሎ አለቀሰ። መልሱ እስኪወጣ ዓይኗን ከትንሿ መስኮት አልነቀለችም።

አልተገኘም።

ጥቂት ቆይታ ተነሣች። ጓንቷን አውልቃ ጣለችና አዲስ አጠለቀች።

«አሁን አስገባቸው» አለችው።